ፎቶው ወርዶ እስኪያልቅ

ጡረታ ስወጣ ጋቢ አለበሱኝ፣ ንግግር አደረጉ፣ ኬክ ቆረሱ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሥራ በአንድ ከሰዓት ተጠቃለለ። ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። እውነቱን ልናገርና ለወራት ከመተኛት በቀር ምንም አላማረኝም።

ባለፈው ክረምት ትዕግስት ደወለችልኝ። ትዕግስት በእኔ ወንበር የተተካች የኮምፒዩተር ባለሙያ ናት። ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ ድሮ ቢሆን ይህን ለመናገር ይከፋኝ ነበር፣ አሁን ግን ደክሞኛል።

«ጋሼ ምናለ፣ የድሮውን የመምህራን ዝውውር ድረ ገጽ ወደ አዲሱ እያዛወርኩ ነው። አንዱ ስክሪፕት ውስጥ ‹ይህችን መስመር ማንም እንዳይነካት› ብለው ጽፈዋል። ምክንያቱን ግን አልጻፉም። ልተዋት ወይስ ላውጣት?»

«ተያት። ኔትወርክ ደካማ የሆነበት ቦታ ችግር እንዳይፈጠር ነው» አልኋት።

አመስግና ዘጋች። የነገርኋት ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ ስድስት ዓመት ሙሉ ይዤው ኖሬአለሁ፤ ያን ቀን እንቅልፍም እንደ ድሮው አልወሰደኝም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

ሥራ የጀመርሁት በጽሕፈት መኪና ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ቢሮዎች እንደገና ሲደራጁ፣ ደብረ ታቦር ከሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ሰዎቹ አሁንም አሉ፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ደመወዙን ደግሞ አታንሡብኝ።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አቶ ፈንታሁን ይባሉ ነበር። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ቅኔ ቤት ከርመው ነው ወደ አስኳላ የዞሩት። ለእሳቸው ማንበብ ማለት ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ነው። ባለጉዳይ ማመልከቻ ይዞ ሲገባ እስክሪብቷቸውን ያስቀምጡና ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋሉ። ሰውየው ተናግሮ እስኪጨርስ እጃቸው ከዚያ አይነሣም። ከዚያ ማመልከቻውን ከቀኑ ጀምረው እስከ ፊርማው ያነቡለታል። «ያልኸው ይህን ነው?» ይላሉ። «አዎ» ሲል፣ «የቀረህ የለም?» ይላሉ። «የለም» ካለ በኋላም ትንሽ ዝም ብለው ያዩታል። ማኅተሙን የሚያነሡት ከዚያ ወዲያ ነው።

ያቺ የዝምታ ጊዜ እኔን ታበሽቀኝ ነበር። ወጣት ነኝ፣ ጣቴ ይፈጥናል፣ ሰልፉ ደግሞ በረንዳውን አልፎ ግቢው ድረስ ይደርሳል። አንድ ቀን ከእስቴ የመጣ ገበሬ «የቀረኝ የለም» ብሎ፣ እሳቸው ዝም ብለው ሲያዩት ራሱን አከክ አከክ አደረገና «የሚስቴን ስም አስገብቼዋለሁ እንዴ?» አለ። አላስገባውም። የመሬቱ ጉዳይ ደግሞ የሚስቱም ነበር። ማመልከቻው እንደገና ተጻፈ፤ የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ እያጉረመረምሁ።

«ጋሼ ፈንታሁን፣ እንዲህ ከሆነማ ሥራው መቼ ያልቃል?» አልኋቸው።

«ማኅተም ከወረደ በኋላ ማን ይሰማዋል ብለህ ነው?» አሉኝና ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠሩ።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ዳንቴል ለብሶ፣ በቁልፍ ተዘግቶ ነበር የሚቀመጠው። ወደ ክፍሉ ስንገባ ጫማ እናወልቅ ነበር። የዚያን ጊዜው አለቃችን አቧራ ያስፈራቸዋል፤ ዝናብ በጣለ ቀን ማሽኑ እንዳይከፈት ያዙ ነበር። ከታይፒስቶች እኔ ተመርጬ ባሕር ዳር ለሥልጠና ተላክሁ። ከዚያ በኋላ ሕይወቴ ወረዳ ለወረዳ ሆነ። ኮምፒዩተር ጭኜ ሚኒባስ ላይ፣ ሞኒተሩን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ በጋይንት መንገድ ያልተንገላታሁበት ቀን የለም። የዛሬው የወገብ ሕመሜ የተጀመረው ያኔ ነው። ኮድ መጻፍን ማንም አላስተማረኝም፤ ጋፋት አጠገብ በተከራየኋት ቤት ውስጥ ከኮፒ መጻሕፍት ለብቻዬ እየታገልሁ ነው የለመድሁት።

አለቆች ተቀያየሩ። በመጨረሻ የመጡት ኃላፊ ኮምፒዩተር የሚወዱ ነበሩ፤ ምናልባት ከልክ በላይ። መምህራን ዝውውር ለመጠየቅ ከየወረዳው ወደ ደብረ ታቦር እየመጡ፣ ዘመድ ቤት እያደሩ፣ አንድ ወረቀት ለማስገባት ሁለትና ሦስት ቀን ይጉላሉ ነበር። «ይህ ነገር በኢንተርኔት ይሁን» አሉ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ዛሬም መልካም ነው እላለሁ። ሥራው ሲሰጠኝ ኩራቴ አያድርስ ነበር።

ገጹን ሠራሁ። ከላይ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ከሥሩ የአዲሱ ሕንፃ ምረቃ ፎቶ፤ ኃላፊያችን መቀስ ይዘው ሪባን ሲቆርጡ። «ትልቅ ይሁን፣ ጥርት ብሎ ይታይ» ስላሉኝ ፎቶውን ከካሜራው እንደወጣ፣ ሳላሳንስ ለጠፍሁት። ከፎቶው ሥር አመልካቹ መዛወር የሚፈልግበትን ወረዳ የሚመርጥበት ሳጥን አለ። ከዚያ በታች ረጅም ዝርዝር ይከተላል፤ የትምህርት ደረጃ፣ የአገልግሎት ዘመን፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የዝውውሩ ምክንያት።

«ምርጫው ባዶ ሆኖ እንዳይመጣብኝ» አሉ ኃላፊው። ስለዚህ አንድ ትንሽ ስክሪፕት፣ ገጹ የሚፈጽመው አጭር ትእዛዝ፣ ጻፍሁ። ገጹ ሎድ አድርጎ፣ ማለት ሙሉ በሙሉ ወርዶ፣ ሲያበቃ ማንም ሳያዘው ራሱ ይነሣል፤ የዕለቱን ቀን ይሞላል፤ የምርጫው ሳጥን ላይ ደግሞ ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን ወረዳ ያስቀምጣል። አመልካቹ የፈለገውን ይቀይራል፣ ባዶ ግን አይቀርም። ዝርዝሩን በቅደም ተከተል የሰጡኝ ኃላፊው ናቸው፤ መምህር በጣም የሚያንስበት በመጀመሪያ። በዚያ ዓመት የመጀመሪያው ታች ጋይንት ነበር።

ሥራዬን ሞከርሁት። ገጹ የተቀመጠበት ሰርቨር ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ነው፤ ጽሑፉም ፎቶውም አንድ ላይ ቦግ ብሎ ይመጣል። ሃያ ጊዜ ሞከርሁ፤ ሃያውንም ጊዜ ከዚያው ወንበር ሳልነሣ።

ማመልከቻው አለቀ፣ ምደባው ተሠራ፣ ዝርዝሩ ታትሞ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የጠየቀው ወረዳና የተመደበበት ወረዳ ተጽፏል። ታች ጋይንትን የጠየቀ ሰው በዝቶ ነበር። ኃላፊያችን ደስ አላቸው። «አየህ፣ ሰው ግዴታውን እየተረዳ ነው» አሉኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ መምህርት ስንዱ መጣች። እብናት የምታስተምር፣ ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ኃላፊው ወደ ክፍላቸው አስጠሩኝና ማመልከቻዋን አትሜ ገባሁ።

«እኔ የጠየቅሁት ደራን ነው» ትላለች። «እናቴ እዚያው ደራ፣ ሐሙሲት ናት። ግማሽ አካሏ አይታዘዛትም። ወንድሜ ገበሬ ነው፣ ሚስቱ አራስ ናት፣ የሚያገላብጣት ሰው የለም። ለእሷ ብዬ ነው ያመለከትሁት። ታች ጋይንት ምን ልሠራ እሄዳለሁ?»

ኃላፊው ወረቀቱን ወደ እሷ አዞሩላት። «አንደኛ ምርጫ ታች ጋይንት። ስሙ የእርስዎ ነው አይደል? የጠየቁት ተፈቅዶልዎታል። የጠየቀው የተፈቀደለት ሰው ደግሞ ለሁለት ዓመት ዳግም አያመለክትም፤ ደንቡ ነው።»

ወረቀቱን ብዙ ቆይታ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«የኮምፒዩተሩ ሰው እርስዎ ነዎት? ኮምፒዩተር ይሳሳታል?»

«ኮምፒዩተር የሰጡትን ነው የሚይዘው» አልኋት።

እንዲህ ነው ያልኋት። ያን ጊዜ እውነት መስሎኝ ነበር። ብቻ ቃሉን ስናገር ከአፌ የወጣውን ድምፅ አልወደድሁትም፤ ሰው የሚያባርሩበት ዓይነት ድምፅ ነበር። እሷም አልተከራከረችም። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችና ወጣች።

በዚያው ወር ወገቤ ጠናብኝ። ፈቃድ ወስጄ ወንዛዬ ፍል ውኃ ገባሁ። ስመለስ ሐሙሲት ላይ ሚኒባስ እስኪሞላ አንድ ኮፒ ቤት ጎራ አልሁ፤ ኢንተርኔትም አለው። ለምን እንደገባሁ ልናገር፤ የሠራሁትን ገጽ ሰው አገር ሆኜ ላየው ጓጉቼ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ገጹን ከፈትሁ። ጽሑፉ መጣ፣ ሳጥኖቹ መጡ። ፎቶው ግን የለም። ቆይቶ ከላይ አንድ ጣት ያህል ሰማይ ወረደ። ቆይቶ የሕንፃው ጣሪያ። የኃላፊው ግንባር እስኪታይ የኮፒ ቤቱ ባለቤት ለሁለት ሰው ኮፒ አንሥቶ ሸኘ።

«ጋሼ፣ ፎቶውን አይጠብቁት፣ ወርዶ አያልቅም» አለኝ። «ያኔ መምህራን ሲመጡ እኛ ዝም ብለን ነበር የምናስሞላው። ሰልፉ ብዙ ነዋ።»

መምህርት ስንዱ ትዝ አለችኝ። የምርጫው ሳጥን ላይ ደራን መረጥሁ። ወደ ታች ወረድሁ፤ አገልግሎት ሞላሁ፣ ጋብቻ ሞላሁ፣ ምክንያት መጻፍ ጀመርሁ። ላይ የነበረው ሳጥን ከዓይኔ ርቋል፤ የሚታየኝ የምሞላው ብቻ ነው። ጽፌ ጨረስሁ። ወደ ላይ ተመለስሁ። ፎቶው ወርዶ አልቋል፤ መቀሱም ሪባኑም ጥርት ብሎ ይታያል። ሳጥኑ ላይ ታች ጋይንት ይላል።

ስክሪፕቴ ያዘዝሁትን ነው ያደረገው። ገጹ እስኪያልቅ ጠበቀ። ያ የተረገመ ፎቶ ሲያልቅ ገጹ አለቀ፤ ሲያልቅ ተነሣ፤ ሲነሣ የሰውን ምርጫ በራሱ ምርጫ ተካው። ከቢሮዬ ወንበር ይህ አይታይም፤ እዚያ ፎቶው ከሰው እጅ ይቀድማል። ሐሙሲት ላይ ግን የሰው እጅ ይቀድማል። ኮፒ ቤቱን እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም።

ደብረ ታቦር ገብቼ በነጋታው ለኃላፊው ነገርኋቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ምናለ፣ ዝርዝሩ ጸድቋል። ትምህርት ተጀምሯል። አሁን ይህን ብታወራ ያልተበደለውም ተበድያለሁ እያለ ይመጣል። አርመውና ዝም በል።»

«ሴትዮዋስ?»

«ሞልታ የላከችው ራሷ ናት አይደል?»

አረምሁት። ትዕግስት የጠየቀችኝ ያቺ አንዲት መስመር ናት፤ ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ብቻ ሙላ፣ ሰው ነክቶት ከሆነ ተው ትላለች። ፎቶውንም አሳነስሁት፤ ኃላፊያችን ልዩነቱን አላዩትም። ከመላኩ በፊት የሞላውን ሁሉ ለአመልካቹ መልሶ የሚያሳይ፣ «ያሉት ይህን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ገጽ ጨመርሁ። ከዚያ ዝም አልሁ። ልጆቼ ይማሩ ነበር፣ ጡረታዬ ቀርቧል፣ ወገቤ ታሟል። ሰበብ ሲፈልጉት አይጠፋም።

አቶ ፈንታሁን ያኔ ጡረታ ወጥተው ቤታቸው ነበሩ፤ ዓይናቸው ደክሟል። አንድ እሑድ ሄጄ ሁሉንም ዘረዘርሁላቸው። ስለ ስክሪፕቱ ብዙም የገባቸው አይመስለኝም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ለእሷስ ነግረሃታል?» አሉኝ።

«አልነገርኋትም።»

ዝም ብለው አዩኝ። ሁለተኛ ሄጄ አልጠየቅኋቸውም፤ አፍሬ ነው። በዓመቱ አረፉ።

ስንዱ ታች ጋይንት ሄዳ ሥራ ጀመረች። በበልጉ ገደማ ከእሷ የተላከ አንድ ደብዳቤ ለምዝገባ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። «የዝውውር ምክንያቴ እናቴን ማስታመም ተብሎ የተመዘገበው፣ እናቴ ስላረፈች ከማኅደሬ እንዲወጣልኝ» ይላል። ሥርዓት አዋቂ ሴት ናት፤ ማንም ሳይጠይቃት ነው የጻፈችው። ምክንያቱን ከማኅደሯ የሰረዝሁት እኔ ነኝ። ሰርዤ ሽንት ቤት ገባሁና በሩን ቆልፌ አለቀስሁ። ከዚያ ታጥቤ ወጣሁ፣ ሥራዬን ቀጠልሁ። በኋላ ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ ደራ ደረሳት፤ ምደባውን አትሜ የለጠፍሁትም እኔው ነኝ።

ትዕግስት በደወለች በሳምንቱ ሐሙሲት ሄድሁ። መምህርት ስንዱ ያልሁት ሰው ሁሉ ቤቷን ያውቃል፤ በእናቷ ቤት ነው የምትኖረው። በሩ ላይ ስታየኝ ወዲያው አወቀችኝ።

«የኮምፒዩተሩ ሰው» አለች። «ይግቡ።»

ውኃ አቀረበችልኝ፤ አልጠጣሁም። መጀመሪያ ልናገር አልሁና ተናገርሁ። ፎቶውን፣ ሳጥኑን፣ ከቢሮዬ ሳልነሣ መሞከሬን፣ ኮፒ ቤቱን፣ ኃላፊው ያሉኝን፣ ዝም ማለቴን። አላቋረጠችኝም።

«እስኪ እንደገና ይንገሩኝ» አለች። «እኔ ታች ስሞላ ነው ላይ የተቀየረው?»

«አዎ።»

«እኔ ደራን መርጬ ነበር?»

«መርጠሽ ነበር።»

መደቡ ላይ ተቀመጠች። «እኔ እኮ ጣቴ የሳተ መስሎኝ ነው የኖርሁት። ምነው ደግሜ ባየሁት እያልሁ። ስንት ጊዜ ጣቴን እያየሁ እንደረገምሁት አያውቁም።»

ይቅር በይኝ ልላት ነበር የመጣሁት፤ ያን ጊዜ ግን ለራሴ የሚሆን ነገር መለመን መስሎ ታየኝና ተውሁት።

«ደረሰ የሚባለው ወንድሜ ደብረ ታቦር ሄዶ ሰሌዳው ላይ ስሜን አይቷል» አለች። «መልካም ዜና ሊያመጣልን ነበር የሄደው። የጠየቀችው ታች ጋይንት፣ የተመደበችበት ታች ጋይንት ይላል። ‹እናቷን ሸሽታ ነው› አለ። በተዝካሩ ዕለት ሰው ፊት ‹ሩቁን የመረጥሽ አንቺ ነሽ፣ አሁን ምን ያስለቅስሻል› አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ልጆቹን መንገድ ላይ ነው የማያቸው።»

ተነሥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ለእሱ ይንገሩት። በእርስዎ ስልክ ይደውሉ፤ የእኔን ቁጥር ካየ አያነሣም።»

ቁጥሩን በቃሏ ጠራችልኝ። ደወልሁ። ወንድሟ አነሣ፤ በሬ የሚያስገቡ ሰዎች ድምፅ ከኋላው ይሰማል። ማን እንደሆንሁ ነገርሁት። ስለ ስክሪፕት ለገበሬ እንዴት እንደሚነገር ሠላሳ ዓመት አልተማርሁትም፤ እንደሆነልኝ ተናገርሁ። እህትህ ደራን ጠይቃ ነበር፣ እኔ የሠራሁት መሣሪያ ቀየረባት፣ ዐውቄም ደበቅሁ አልሁት።

ከኋላው ያሉትን ሰዎች «ቆዩኝ» ሲላቸው ሰማሁ።

«ወረቀቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ እኮ» አለ።

«ወረቀቱን ያተምሁት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ይህን ያወቁት መቼ ነው?»

«እናታችሁ በሕይወት እያለች።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ይገባኝም ነበር።

«አጠገብዎ አለች?» አለ።

«አለች።»

«ይስጧት።»

ስልኩን ዘረጋሁላት። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። «አቤት ወንድምዓለም» ስትል ሰማሁና ወደ ደጅ ወጣሁ። ስልኩ የእኔ ስለሆነ ጥዬ መሄድ አልሆነልኝም፤ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምሁ። ውስጥ አንዳንዴ ታለቅሳለች፣ አንዳንዴ ዝም ብላ ትሰማለች።

ትንሽ ቆይቶ ስልኬን ይዛ በሩ ላይ ብቅ አለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ካርድዎ አልቆ ተቋረጠ» አለችኝ።

ልትመልስልኝ እጇን ዘርግታ ሳለ ከቤት ውስጥ የእሷ ስልክ ጮኸ።